ሞትን በበረዶ ማቆየት፤ አደራው ለማን ነው?

ለንደን ውስጥ ትኖር የነበረች አንዲት የ14 ዓመት ልጅ፣ ያደረባት ካንሰር ከእንግዲህ የማይድን መሆኑን ከተረዳች በኋላ ለዳኛ ደብዳቤ ጻፈች። ጊዜው 2016 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልጅቱ በደብዳቤዋ ፈውስን አልጠየቀችም። ዳኛ ፈውስ ሊሰጥ እንደማይችል ለማወቅ ዕድሜዋ በቂ ነበር። የጠየቀችው፣ በሞተች ጊዜ አስከሬኗ አፈር እንዳይለብስ፣ በብርቱ ቅዝቃዜ ረግቶ እንዲቆይላት፣ ምናልባት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በሽታዋን የሚያሸንፍ ጥበብ ቢገኝ የመንቃት ዕድል እንዳይነፈጋት ነበር።

እናቷ በሐሳቧ ተስማማች፤ የእናቷ ወላጆችም ለሥራው የሚያስፈልገውን 37,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ አሰባሰቡ። አባቷ ግን ተቃወመ። አባትና እናት ከተለያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አባት ልጁን በዓይኑ ካያት ስምንት ዓመት አልፏል፤ መታመሟን ሰምቶ ሊያገኛት ሲጠይቅም እሷ አልፈቀደችም። በእንግሊዝ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ኑዛዜ ማድረግ ስለማይችል የልጅቱ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም ነበር። ስለዚህም ጉዳዩ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ፒተር ጃክሰን ሆስፒታል ድረስ ሄደው ልጅቱን አነጋገሯት። ኦክቶበር 6 ቀን በሰጡት ውሳኔ፣ ስለ አስከሬኑ የመወሰን መብት የእናትየው ብቻ እንዲሆን ፈረዱ። ነገሩ ሳይንሳዊ መሠረት ይኑረው አይኑረው፣ ትክክል ይሁን አይሁን ፍርድ ቤቱ እንደማይወስንም በግልጽ አስቀመጡ። ዳኛ ሊያደርግ የሚገባው ይኸው ነው። ያልተወሰነው ጥያቄ ግን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

አባትየው ያቀረበው ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሥራው ከንቱ ነው ብሎ ብቻ አልተከራከረም። ይሳካል እንበል፣ አለ፤ ልጄ ከ200 ዓመት በኋላ ነቃች እንበል፤ ያን ጊዜ አንድ ዘመድ ላታገኝ ትችላለች፣ ያለፈውን ላታስታውስ ትችላለች፣ በሰው አገር፣ በአሜሪካ፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ እንደሆነች በጭንቅ ላይ ትወድቃለች። ይህ የፈላስፋ ክርክር አይደለም፤ ከልጁ የተለየ አባት ክርክር ነው። ይሁንና ስለዚህ ጉዳይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ነገሩን ከሥሩ የነካው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አስከሬንን አቀዝቅዞ የማቆየቱ ሥራ ክራዮኒክስ ይባላል። ሐሳቡን ያስፋፋው ሮበርት ኤቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። ኤቲንገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ ሆስፒታል ውስጥ ረዥም ጊዜ ተኝቷል፤ የተሰበረ እግሩ በአጥንት ጥገና ሲድን ያየው ነገር ከሐሳቡ አልወጣም። በ1962 በራሱ ወጪ ያሳተመው፣ በ1964 ደግሞ በአንድ ታላቅ አሳታሚ በኩል የተሠራጨው መጽሐፉ አንድ ቀላል ክርክር ይዟል። ሞት በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ድርጊት ሳይሆን ሂደት ነው፤ የዛሬ ሐኪም «ሞቷል» ብሎ የሚተወውን ሰው የነገ ሐኪም «ታሟል» ሊለው ይችላል፤ ስለዚህ በሽተኛውን ገና ወዳልተሠራ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል፤ አምቡላንሱም ቅዝቃዜ ነው።

ይህን ክርክር በሳቅ ማለፍ አይገባም። በ1960 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደረትን በእጅ እየተጫኑ የቆመ ልብን የማንቀሳቀስን ዘዴ ለዓለም ከማሳወቃቸው በፊት፣ በየመንገዱና በየሆስፒታሉ ልቡ ቀጥ ያለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከነዚያ መካከል የሚነሡ አሉ። በ1968 ደግሞ በሃርቫርድ የተሰበሰበ ኮሚቴ ሞትን ከልብ ወደ አንጎል አዛወረው። ድንበሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ሰው «ትንሽ ቆይልኝ» ማለት በራሱ እብደት አይደለም። ሞትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ጥበብ ቢሆን ኖሮ የፈንጣጣ ክትባት ባልተገኘም ነበር።

የሳይንሱን ነገር በአጭሩ ለመናገር፣ የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋል፤ የበረዶውም ስለት ሕዋሱን ይቀደዋል። ስለዚህ ደሙ ወጥቶ በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከል ፈሳሽ ይተካበታል፤ አካሉም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ዘዴ ጥቂት ሕዋስ ብቻ ያለውን ፅንስ ማቆየት ተችሏል፤ በርዶ ከቆየ ፅንስ የመጀመሪያው ሕፃን የተወለደው በ1984 በአውስትራሊያ ነው። በ2023 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ እስከ 100 ቀን በዚህ ሁኔታ የቆየ የአይጥ ኩላሊት ሞቆ ተመልሶ ሠርቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከኩላሊት እስከ አንጎል ያለው መንገድ ረዥም ነው፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ቅዝቃዜ ተነሥቶ የቆመ አንድም ሙሉ አጥቢ እንስሳ የለም። ተስፋው ከተስፋ አልፎ ዕውቀት አልሆነም። ይሁን እንጂ ለማይቀር ሞት አንድ ሳምንት ለቀረው ሰው፣ ትንሽ ዕድልና ምንም ዕድል አንድ አይደሉም። የልጅቱም ክርክር ይኸው ነበር፤ በዚህ በኩል የሚረታትም የለም።

የሚያስጨንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የረጋ አካል ራሱን አይጠብቅም። ናይትሮጅኑ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ይተናል፤ በየጊዜው የሚሞላው ሰው ያስፈልጋል፤ ለሚሞላው ሰው ደመወዝ፣ ለመጋዘኑ ኪራይ፣ ለኪራዩ ገንዘብ፣ ለገንዘቡ ደግሞ የማይፈርስ ድርጅት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ለ10 ወይም ለ20 ዓመት አይደለም፤ መጨረሻው ለማይታወቅ ዘመን ነው። በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር አንድ ቃል አለ፤ አደራ ይባላል። አደራ ከዕዳ ይከብዳል። ዕዳ በወረቀት ይጻፋል፣ በዳኛ ይጠየቃል፤ አደራ ግን ሰጪው በሌለበት፣ ምስክር በጠፋበት ጊዜ የሚፈተን ነገር ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው ሰው በዚህ አደራ የገባው በ1967 ነው። ጄምስ ቤድፎርድ የተባለ የ73 ዓመት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ጃንዋሪ 12 ቀን በካሊፎርኒያ በካንሰር ሞተ፤ በዚያኑ ዕለትም አካሉን ማቀዝቀዝ ተጀመረ። ቤድፎርድ ለዚሁ ሥራ 100,000 ዶላር ተናዝዞ ነበር፤ ዳሩ ግን ሌሎች ዘመዶች ኑዛዜውን ተቃውመው ስለተከራከሩ፣ ሚስቱና ልጁ ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ በፍርድ ቤት ጨረሱ። አስከሬኑ ከድርጅት ወደ ድርጅት ሲዛወር ኖሮ፣ በመጨረሻ ተቀባይ ባነሰ ጊዜ ቤተሰቡ በኪራይ መጋዘን አስቀምጦ፣ ናይትሮጅኑን በገዛ እጁ እየሞላ ለዓመታት ጠበቀው። በ1991 ወደ አዲስ ዕቃ ለማዛወር ሲከፈት ዓይኖቹ ከፊል ተገልጠው፣ ብሌናቸው ነጭ ሆኖ ተገኘ። ዛሬም በአሪዞና ግዛት አልኮር በተባለው ድርጅት ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቤድፎርድን ከመበስበስ ያዳነው ናይትሮጅን አይደለም፤ ልጁ ነው። አባቱን የሚያውቅ፣ አባቱን የሚወድ፣ በዚያ መጋዘን ውስጥ ቀዝቃዛ ጋን የሚሞላ ልጅ ባይኖር ኖሮ ፕሮፌሰሩ ዛሬ አይኖርም ነበር። ልጁ ግን የከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አባት ሲሞት ይለቀሳል፤ ሠልስት ይወጣል፣ አርባና ሰማንያ ይታሰባል፣ ሙት ዓመት ይደረጋል፤ ጥቁሩ ልብስ የሚወልቅበት ቀን አለው። ይህ ሥርዓት ለሙቱ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ይበልጡን ለቀሪው ነው። ያልሞተም ያልተነሣም አባት ያለው ልጅ ግን ማቁን መቼ ያወልቃል?

ሁሉም እንደ ቤድፎርድ ልጅ አልሆነም። ያንኑ የመጀመሪያ ማቀዝቀዝ የመራው ሮበርት ኔልሰን የተባለ የቀድሞ ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ቻትስወርዝ በሚባል የሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ በመካነ መቃብር ውስጥ ባለ የምድር ቤት ሌሎች አስከሬኖችን አስቀምጦ ነበር። ከዘመዶች የሚመጣው ገንዘብ እየሳሳ ሄደ። መሣሪያው ይበላሻል፤ ናይትሮጅኑ ይጎድላል። በ1979 ነገሩ ለሕዝብ ሲገለጥ ዘጠኝ አስከሬኖች ቀልጠው በስብሰው መገኘታቸው ታወቀ፤ ከነዚያ ውስጥ የሕፃን ልጅ አስከሬን ነበረበት። በ1981 ፍርድ ቤት ካሣ እንዲከፈል በየነ። ኔልሰንን ሌባ ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ከዚያ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ አንድ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን አደራ መቀበሉ፣ ሰጪዎቹም ተቀባዩን ሳይመዝኑ መስጠታቸው ነው። የኋለኞቹ ድርጅቶች ከዚህ ብዙ ተምረዋል፤ ገንዘቡ አስቀድሞ በመድን ዋስትና ይከፈላል፣ ከፊሉም ለጥበቃው ተለይቶ ይቀመጣል። አካሎቹ በጋኑ ውስጥ የሚቆሙት ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው ነው። ናይትሮጅኑ የሚጎድልበት ቀን ቢመጣ አንጎል መጨረሻ ላይ እንዲቀልጥ ታስቦ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው አደራው ሊፈርስ እንደሚችል ያውቃሉ ማለት ነው።

1979 የሚለው ዓመት ለቲያትር ሰው ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። ሩሲያዊው ባለቅኔ ቭላዲሚር ማያኮቭስኪ «ትኋን» የተባለውን ተውኔቱን በ1929 ሜየርሆልድ መድረክ ላይ ሲያወጣው፣ ገፀ ባሕርዩ ፕሪሲፕኪን ከ50 ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1979 ከበረዶ እንዲወጣ አድርጎ ነበር። በዚያን ዘመን በሩሲያ ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም። በ1924 ሌኒን በሞተ ጊዜ ኢንጂነሩ ሌዮኒድ ክራሲን አስከሬኑ በማቀዝቀዣ እንዲቆይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በኋላ ግን በመድኃኒት ማድረቁ ተመረጠ። ማያኮቭስኪ ራሱ በ1923 በጻፈው ረዥም ግጥም የመጪውን ዘመን ኬሚስት እንዲያስነሣው ይለምናል። ሊቀልድበት የሚችለውም የተመኘው ሰው ስለሆነ ነው።

ፕሪሲፕኪን ሠራተኛ የነበረ፣ ከሠራተኛነቱ አምልጦ የፀጉር አስተካካይ ባለሱቅ ሴት ልጅ የሚያገባ፣ ስሙን ሳይቀር ወደ ፈረንሳይኛ የለወጠ ሰው ነው። በሠርጉ ሌሊት ቤቱ ይቃጠላል፤ ሠርገኛው ሁሉ ያልቃል፤ እሱ ግን ምድር ቤት ወድቆ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያፈሰሱት ውኃ በላዩ ይረጋበታል። ከ50 ዓመት በኋላ ሲያስነሡት የሚያውቀው አንድም ሰው የለም፤ አንዲት አሮጊት ብቻ አለች። እሷም በወጣትነቷ ትቷት ስለሄደ ራሷን ለመግደል ተኩሳ የተረፈችው ዞያ ናት። በመላው ዓለም እሱን የሚያስታውሰው ብቸኛ ሰው የበደላት ሴት ሆነች ማለት ነው። አዲሱ ኅብረተሰብ መጠጡንም፣ ጊታሩንም፣ ትንፋሹንም ይፈራል፤ በመጨረሻ ከልብሱ ላይ ከተገኘው ትኋን ጋር በአራዊት ማሳያ ውስጥ ይቀመጣል። ተውኔቱ ሲያበቃ ፕሪሲፕኪን ከቀፎው ውስጥ ሆኖ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይመለከታል፤ ወገኖቹን ያወቀ መስሎት ይጮኻል፤ እናንተስ መቼ ቀለጣችሁ ብሎ ይጠይቃል። በ1929 አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ምን ተሰምቶት እንደነበር መገመት ይቻላል። ማያኮቭስኪ የ1979ን መድረክ ሲጽፍ አልተሳሳተም፤ ግን በዚያ ዓመት በካሊፎርኒያ የተከፈተው ምድር ቤት እንኳን ለአራዊት ማሳያ፣ ለዞያም የሚሆን ሰው አልነበረበትም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ከማያኮቭስኪ በፊት የሚያውቀው ሌላ እንቅልፋም አለ። ተረፈ ባሮክ በሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የሚተረከው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ብሎ በለስ እንዲለቅም ወደ አግሪጳ የወይን ቦታ ይልከዋል፤ አቤሜሌክም በመንገድ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ለማረፍ ጋደም ይልና 66 ዓመት ይተኛል። ሲነሣ ራሱ ከብዶታል፤ እንቅልፉን ያልጠገበ ይመስለዋል። ከከተማይቱ ሲደርስ ግን ቤቱን አያውቀውም፣ ዘመዶቹን አያገኝም። ይህች አገር ኢየሩሳሌም አይደለችም፣ መንገድ ተሳስቻለሁ ብሎ ይወጣል፤ ተመልሶ ይገባል፤ ደግሞ ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ኤርምያስ ከሕዝቡ ጋር ባቢሎን ከወረደ ብዙ ዘመን እንደሆነ ሲነግረው አያምንም። የያዘውን ቅርጫት ሲገልጠው ግን በለሱ ዛሬ እንደተቆረጠ ወተቱ ያንጠባጥባል።

ትረካውን የሚሰማ ሁሉ የሚደነቀው በበለሱ ትኩስነት ነው። ሊደነቅ የሚገባው ግን በሌላ ነገር ነው። ተራኪው አቤሜሌክን በባዶ ከተማ አልተወውም። 66 ዓመት ሙሉ ባሮክ ከተማይቱን ሳይለቅ፣ በመቃብር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። አቤሜሌክ ከባሮክ ጋር ሲገናኝ ነው ታሪኩ የትንሣኤ ታሪክ የሚሆነው። ባሮክ ባይኖር ኖሮ ትኩሱ በለስ ምን ይረባ ነበር? ጥንታዊው ሰው የተኛ ሰው እንዲነቃ አካሉ አለመበስበሱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ነቅቶ የቆየ ምስክር እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ቢሆን በ1773 ለፈረንሳዊ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ቆይቶ ከ100 ዓመት በኋላ አገሩን ለማየት እንደሚመኝ ሲቀልድ፣ ከጥቂት ወዳጆች ጋር መሆንን አልረሳም።

የክራዮኒክስ ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው። እኛም ብቻችንን አንገባም፣ ይላሉ። ኤቲንገር በ1977 እናቱን፣ በኋላም ሁለት ሚስቶቹን በየተራ አቀዝቅዞ አስቀምጧል፤ እሱም በ2011 በ92 ዓመቱ ሞቶ ከነሱ ጋር ተቀላቅሏል። (ሁለቱ ሚስቶች በአንድ ማለዳ ቢነቁ ምን እንደሚባባሉ የኮሜዲ ጸሐፊ ጉዳይ ነው።) ዳሩ ግን ባሮክ አብሮ የተኛ ሰው አይደለም፤ ነቅቶ የቆየ ነው። በጋኑ ውስጥ ያሉት ስንትም ቢሆኑ ለማንቃት ከጋኑ ውጭ ያለ፣ ሕያው የሆነ፣ ለማንቃት ምክንያት ያለው ሰው ያስፈልጋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ውል ነው ይባላል። ውል ግን ሁለቱ ወገኖች ሲኖሩ ነው የሚጸናው፤ ከ200 ዓመት በኋላ የሚወለደው ሐኪም በውሉ ላይ አልፈረመም።

በገጠር እንግዳ ሰው ሲመጣ ከሁሉ በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው የስም ጥያቄ አይደለም፤ ከማን ጋር ትቆጠራለህ ማለት ነው። በአማራው ባህል ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ባዕድ ነው፤ መጋባትም ይፈቀዳል። ትውልዱ በ30 ዓመት ቢሰላ ሰባት ቤት 210 ዓመት ይሆናል። የለንደኑ አባት ያለው 200 ዓመት ከዚህ ጋር መገጣጠሙ በአጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። የሰው አደራ የሚደርስበት ወሰን አለው። ከዚያ ወሰን ባሻገር የሚነቃ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚመልሰው አይኖረውም።

ይህን ወሰን ለማፍረስ ያሰበ አንድ ሰው ነበር። በ1903 የሞተው ኒኮላይ ፌዶሮቭ በሞስኮ ሩሚያንትሴቭ ሙዚየም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ በድህነት የኖረ ፈላስፋ ነው፤ ቶልስቶይና ዶስቶየቭስኪ ያከበሩት፣ የሮኬት ሳይንስ አባት የሚባለው ፂዮልኮቭስኪም በወጣትነቱ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ያገኘው ሰው ነው። ፌዶሮቭ የሰው ልጅ በሙሉ ኃይሉን አስተባብሮ፣ ሳይንሱንም ጉልበቱንም አንድ አድርጎ፣ እስከ ዛሬ የሞቱትን አባቶች ሁሉ ማስነሣት አለበት ይል ነበር። ልጆች በአባቶች አጥንት ላይ ተረማምደው የሚያልፉበትን «ዕድገት» ይጸየፈው ነበር። ሐሳቡ ከኤቲንገር ይልቅ የማይቻል ነው፤ በፍትሕ በኩል ግን እጅግ ይበልጠዋል። በፌዶሮቭ ዘንድ ግዴታው የሚመነጨው ከሕያዋን ነው፤ ልጅ አባቱን ስለሚወድ ያስነሣዋል፤ አንድም የሚቀር የለም፣ ገበሬውም ባሪያውም ይነሣል። በኤቲንገር ዘንድ ግን ግዴታውን የሚጥለው ሟቹ ነው፤ ቦታውን አስቀድሞ ይከራያል፣ ቁልፉን ለማያውቀው ሰው ይሰጣል፣ «አደራ» ይላል። ሰውነትን እንደ ግል ንብረት በመጋዘን የማስቀመጥ ሐሳብ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ይባላል። በአልኮር ሙሉ አካልን ለማቆየት የሚጠየቀው ከ200,000 ዶላር በላይ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ስንት ሕፃን ከወባ እንደሚድን ማስላት አያስቸግርም። ክርክሩ ግን የሚመስለውን ያህል አይጠነክርም። ለተዝካር ብሎ የእርሻ በሬውን የሚሸጥ ገበሬ ባለበት አገር፣ ሰው ለሞቱ የሚያወጣውን ገንዘብ በመቁጠር የሚጀምር ወቀሳ ከደጅ ሳይርቅ ይመለሳል።

ወደ ልጅቱ መመለስ ይገባል። አባቷ ከተቃወመ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። የእሷን ውሳኔ አከብራለሁ፣ ከኔ የጠየቀችው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነገር ይህ ነው አለ። ክርክሩን አላጠፈም፤ የተናገረው ሁሉ እውነት እንደሆነ ነው የቀረው። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ስላገኘ ብቻ ተወው። 200 ዓመት አርቆ የሚያስብላት አባት፣ በዚያን ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ሊቀመጥ እንኳ አልተፈቀደለትም ነበር።

ልጅቱ ኦክቶበር 17 ቀን ሞተች። ፍርድ ቤቱ እንደፈቀደላት ካወቀች በኋላ ልቧ አርፎ ነበር። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ግን በኋላ ለዳኛው ባቀረቡት ማስታወሻ ሌላም ነገር ጽፈዋል። ለሥራው የመጡት የበጎ ፈቃድ ረዳቶች ዝግጅታቸው የተዝረከረከ ነበር። እናትየውም በዚያ በመጨረሻው ቀን ከሞት በኋላ ስለሚደረገው ዝግጅት ስትጨነቅ፣ በዚያው ሰዓት ገና በሕይወት ላለችው ልጇ ሙሉ ጊዜዋን መስጠት አልቻለችም። የልጅቱ አካል ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተወሰደ።